ጎርፉ ሳይቀድመን፦ በገዳሪፍና በመተማ ወሰን የውሃ ባለሙያን ሥልጠናና የሥራ ዕድገት ማቀድ

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ አትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። ሲተኛ የወንዙ ሆድ ደረቅ አሸዋ ነው። ሌሊት እንደ ነጎድጓድ የሚያጉረመርም ድምፅ ቀሰቀሰው፤ ሲነጋ ከፊቱ ሰፊ ወንዝ ሞልቶ ይፈሳል። ጎርፉን ያመጣው እሱ የሰፈረበት ሜዳ ሰማይ አልነበረም። የዘነበው በእኛ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ነው።

ጓንግ፣ አንገረብና ተከዜ ወሰኑን ሲሻገሩ ስማቸው ይለወጣል። ጓንግ አትባራ፣ አንገረብ ባሕር ኤል ሰላም፣ ተከዜ ሰቲት ይባላሉ። ጠባያቸው ግን ያው ነው፤ በአንድ ሌሊት ይሞላሉ፣ ደለል ተሸክመው ይወርዳሉ፣ በበጋ ይከዳሉ። ከወንዝ የራቀው የገዳሪፍ ገጠር ደግሞ ክረምት በቁፋሮ ኩሬ ያጠራቀመውን፣ በነሱ አጠራር የሃፊር ውሃ፣ ወይም ዶንኪ ከሚሉት ሞተር ካለው ጥልቅ ጉድጓድ የወጣውን ይጠጣል። እንዲህ ባለ አገር የውሃ ባለሙያ የሚፈለግበት ቀን ቀጠሮ ሰጥቶ አይመጣም። ቀኑ ሲደርስ ያልሠለጠነ ሰው በዚያን ሰዓት ሊሠለጥን አይችልም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በመተማ፣ በቋራ፣ በሁመራ ወይም ማዶ በገዳሪፍና በሾዋክ የውሃ ሥራ ለሚመሩ፣ በስደተኛ ጣቢያ የውሃ ቡድን ለሚያስተባብሩ፣ ምናልባትም ከነርሱ በላይ ሆነው በጀት ለሚፈርሙ ነው። አሥር አሥራ ሁለት ሰው ያለው ቡድን አለዎት እንበል፤ ሁለት ሃይድሮሎጂስት፣ አንድ ሃይድሮጂኦሎጂስት፣ አንድ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ የፓምፕ ኦፕሬተሮች፣ ክሎሪን የሚጨምሩ ሠራተኞች፣ ወንዝ ዳር የሚኖሩ የጌጅ አንባቢዎች። የሥልጠና ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚነሳው «ዘንድሮ ምን ኮርስ መጣ?» ከሚል ጥያቄ ነው። እኔ ከወንዙ ይነሱ እላለሁ፤ ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ ወንዙ አጠገብ ከሚቆመው ሰው።

ከኮርሱ በፊት ውሳኔውን ይጻፉ

አንድ ወረቀት ይውሰዱና ዓመቱን በሦስት ይክፈሉት፤ ጎርፉ ከመድረሱ በፊት፣ በጎርፉ ወራት፣ ከጎርፉ በኋላ። በእያንዳንዱ ሥር ውሃው የሚጠይቀውን ውሳኔ ይጻፉ፤ የሥራ መደብ ስም አይጻፉ። «ሃይድሮሎጂስት ያስፈልገናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይነግርዎትም። «ሐምሌ ላይ ጓንግ በሌሊት በሁለት ሜትር ቢጨምር ለታችኛው ሰፈር የሚደውለው ማነው? ኔትወርክ ባይኖርስ?» የሚለው ግን ሰውየውንም፣ ችሎታውንም፣ ጉድለቱንም አንድ ላይ ያወጣዋል።

ከጎርፉ በፊት የሚመጡት ጥያቄዎች እንዲህ ያሉ ናቸው። የመለኪያው ቋሚ ባለፈው ክረምት ዘንበል ብሎ ከሆነ ዜሮው የት እንደነበር የሚያውቅ ማነው? የሃፊሩን መግቢያ ቦይ ከደለል የሚያስጠርገውና ከብት የሚያስከለክለው ማነው? ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ መጋዘን ውስጥ የከረመው የክሎሪን ዱቄት ኃይሉ እንደቀነሰ የሚያረጋግጠውስ? በጎርፉ ወራት ጥያቄው ይፈጥናል። ድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን መጨመር ብቻውን እንደማይበቃ አውቆ መጀመሪያ የሚያጠልለው ማነው? ፍሰቱን በከረንት ሜትር መለካት የማይቻልበት ደረጃ ሲደርስ ተንሳፋፊ ጥሎ በሰዓት የሚለካና የውሃው ፊት ፍጥነት ከአማካዩ እንደሚበልጥ፣ በ0.85 ገደማ ማባዛት እንዳለበት የሚያውቅስ? ከጎርፉ በኋላ ደግሞ ወንዙ መኝታውን ለውጧልና አምና የተሠራው ሬቲንግ ከርቭ፣ የውሃውን ከፍታ ወደ ፍሰት የሚቀይረው መስመር፣ ዘንድሮ እንደሚዋሽ የሚናገር ሰው ይፈለጋል።

ይህን ሥራ ብቻዎን አይሥሩት። የጌጅ አንባቢውን፣ ኦፕሬተሩን፣ ውሃ የሚቀዱትን እናቶች አስቀምጠው ይጻፉ። ሴቶቹ የሚነግሩዎት ነገር አለ፤ የትኛው ቦኖ መጨረሻ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ጉድጓድ ጨው ጨው እንደሚል ከላቦራቶሪው በፊት ያውቃሉ። ይህን የምለው ለይምሰል አይደለም። የዓባይን ድፍርስ ውሃ በሽፈራው ዘር ማጥራት በሱዳን ገጠር የሴቶች እውቀት ነበር። ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያን የተባሉት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እነዚያን ሴቶች ጠይቀው፣ ዘሩን ላቦራቶሪ አስገብተው ፈተሹት፤ ዛሬ ሽፈራው በዓለም የውሃ ማጣራት ጥናት ውስጥ የታወቀ ርዕስ ነው። ምርምሩ የተጀመረው ማድጋ አጠገብ ነው።

ዲፕሎማውን ሳይሆን እጁን ይዩ

ቀጥሎ ማን ምን እንደሚችል ይመዝግቡ። የትምህርት ማስረጃ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ እርስዎ ግን ሰውየውን መስክ ወስደው «ሥራልኝ» ይበሉት። ለእያንዳንዱ ሥራ አራት ደረጃ ይበቃል፤ አይቷል፣ ከሰው ጋር ይሠራል፣ ብቻውን ይሠራል፣ ሌላ ሰው ያለማምዳል። አራተኛው ላይ የደረሰ ሰው ለሌለው ሥራ ቀይ ምልክት ያድርጉ። አንድ ሰው ብቻ «ብቻውን ይሠራል» ላይ የቆመበት ሥራም ቀይ ነው፤ ያ ሰው ወባ የያዘው ዕለት ሥራው ቆመ ማለት ነው። የምንናገረው ስለ መተማና ገዳሪፍ ቆላ ነው፤ ወባ ከዕቅድ ውጭ ሊሆን አይችልም።

ፈተናው ቀላልና እውነተኛ ይሁን። አንዱን ልስጥዎት። አሥር ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንከር ሞልቷል፤ በሊትር ሁለት ሚሊ ግራም ክሎሪን መስጠት ተፈልጓል፤ በእጅ ያለው 65 በመቶ ክሎሪን ያለው የኤች ቲ ኤች ዱቄት ነው። ስንት ግራም ይመዘን? መልሱ 31 ግራም ገደማ ነው፤ ሃያ ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል፣ ሃያውን ለ0.65 ማካፈል ነው። ሃያ ብሎ የሚመልስ ሰው ክሎሪኑን አሳንሷል፤ በኮሌራ ወቅት ይህ ስሕተት ሕይወት ያስከፍላል። ስሌቱን ከጨረሰ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅና መጨረሻው ቦኖ ላይ ሄዶ ቀሪ ክሎሪኑን በፑል ቴስተር ይለካ። ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር ካገኘ ሥራው አልቋል፤ ካላገኘ ምክንያቱን ፈልጎ ይንገርዎት። ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው የመመረቂያ ወረቀት ባይኖረውም ባለሙያዎ ነው።

መስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ኮሌራ በገዳሪፍ ግዛት መግባቱ በይፋ ሲታወጅ፣ ከተማው በካርቱም ጦርነት በተፈናቀለ ሕዝብ ተጨናንቆ ነበር። በዚያን ጊዜ የሚጠቅመው አምና የተማረ እጅ ነው።

አንድ ቀን፣ ሁለት ንባብ

አሁን የምነካው ነገር በየትኛውም የውጭ ኮርስ ውስጥ አይገኝም፤ በወሰኑ ላይ ለሚሠራ ቡድን ግን ከሁሉም በፊት መሰጠት ያለበት ትምህርት ነው።

የመተማው አንባቢ መዝገቡ ላይ «1/10/2015፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ 1.84 ሜትር» ብሎ ጻፈ። ትክክል ነው፤ ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለቱ ነው። ይህ ወረቀት ገዳሪፍ ሲደርስ እንዴት ይነበባል? ኦክቶበር 1 ቀን 2015፣ እኩለ ቀን። እውነተኛው ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁን 8 ቀን 2023 ነው። የጎርፉ መጀመሪያ ወደ ጎርፉ መጨረሻ ተዛወረ፣ በዚያ ላይ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደኋላ ተገፋ።

ሰዓቱም እንዲሁ። የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 6 ሰዓት ነው። ሱዳን ደግሞ ከኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምራ ሰዓቷን ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ አድርጋለች። ስለዚህ መተማ ጠዋት 12 ሲል ከድልድዩ ማዶ ጋላባት 5 ይላል። «5 ሰዓት» የሚለውን የእኛ ሰው ሲያነብ ረፋድ ይመስለዋል። ጎርፍ በሰዓታት በሚጓዝበት ወንዝ ላይ ይህ የአምስት ሰዓት ልዩነት ማስጠንቀቂያውን በሙሉ ሊበላው ይችላል።

ቁጥሩም አለ። ሱዳናዊው አንባቢ በዓረብኛ አኃዝ ሲጽፍ አምስቱ ክብ ነው፣ ለእኛ ዓይን ዜሮ ይመስላል፤ ስድስቱ ሰባት ይመስላል፤ ዜሮው ነጥብ ብቻ ነው። ዝንብ ያረፈበት ወረቀት ላይ ዜሮ ተጨመረ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥልጠናዎ ሁለት ቀን የሚፈጅ ይህ ትምህርት ይሁን። አንድ የመዝገብ ቅጽ ያዘጋጁ፤ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ እንጂ በቁጥር አይጻፍ፤ ዓመተ ምሕረቱ የማን እንደሆነ ይገለጽ፤ ሰዓቱ «ፀሐይ ስትወጣ» ወይም «ፀሐይ ስትጠልቅ» የሚል ሣጥን ከጎኑ ይኑረው። ከዚያ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የሌላውን ወገን መዝገብ አንድ ሳምንት ይገልብጥ። በቢሮ ያለው መረጃ አቀናባሪም አብሮ ይማር፤ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ወንዝ ዳር ሳይሆን ኮምፒውተር ፊት ነው።

ቀን መቁጠሪያው የክረምቱ ነው

የገዳሪፍ መሬት ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲዘንብ ይጣበቃል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዋናው መንገድ የወጣ መኪና እዚያው ይቀራል። የበጀት ዓመቱ የሚያልቀው ሰኔ 30 ስለሆነ በእኛ በኩል የሥልጠናው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ሰኔ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ወደ ከተማ አዳራሽ ይጠራል፤ ወንዙ ደግሞ ያን ጊዜ ይመጣል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ሰኔ ላይ የጌጅ አንባቢን ከወንዝ አንስቶ አዳራሽ ማስቀመጥ፣ የዓመቱን ትልቁን መረጃ በአበል መለወጥ ነው።

እንዲህ ያድርጉት። የክፍል ትምህርት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ይሁን፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሰው ይሰበሰባል። የሰሊጥ አጨዳው በጥቅምትና በኅዳር መሆኑን ግን አይርሱ፤ አንባቢዎቹ ገበሬ ናቸውና በዚያን ጊዜ አይጥሯቸው። በበጋው ማለቂያ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ የመሣሪያ ጥገናና የልምምድ ጊዜ ያድርጉ፤ ቋሚው ይስተካከል፣ ከረንት ሜትሩ ይፈተሽ፣ ጀልባና ገመድ ይታይ፣ የስልክ ሰንሰለቱ በእውነተኛ ደወል ይሞከር። ከሰኔ እስከ መስከረም ሥልጠናው መስክ ነው። ጀማሪውን ከነባሩ ጋር ያጣምሩና ድልድይ ላይ ያቁሙት። ፍሰት መለካት በስላይድ አይለመድም፤ ሜትሩን በጥልቀቱ ስድስት አሥረኛ ላይ ማንጠልጠል እንዳለበት ያነበበ ሰው፣ ውሃው ገመዱን ሲወስድበት ያነበበው ሁሉ ይጠፋዋል። ሁለት ክረምት ከጎኑ ሰው ኖሮት የቆመ ግን ይለምደዋል።

በየዓመቱ አጨዳው ሲያልቅ አንድ ቀን ስለ አለፈው ክረምት ብቻ ይነጋገሩ። የትኛው ቀን ንባብ ጎደለ? ለምን? ማን ታሞ ነበር? ይህ ስብሰባ የማንም ጥፋት የሚቆጠርበት ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ እውነተኛ ግን አይሆንም። ያልተነበበ ቀን ባዶ ይተው፤ በግምት የተሞላ ቁጥር ከባዶው ይልቅ ይጎዳል። ይህን አጥብቀው ያስተምሩ።

ሁለት ሳምንት፣ ሁለት ዓመት፣ አሥር ዓመት

የትኛው እውቀት በስንት ጊዜ እንደሚገኝ ለይተው ያስቀምጡ። የክሎሪን አሰጣጥ፣ የመዝገብ አያያዝ፣ የፑል ቴስተር አጠቃቀም የሁለት ሳምንት ነገር ነው፤ ለዚህ ሰው ሩቅ አይላኩ። ፍሰት መለካት፣ የፓምፕና የጀነሬተር ጥገና፣ ጉድጓድ ሲቆፈር የሚወጣውን አፈር አንብቦ መመዝገብ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ገዳሪፍ ዙሪያ ባለው ጥቁር ባዛልት ላይ ውሃ ያለበትን ስንጥቅ ማግኘት፣ ወይም ደለልን መረዳት ግን የአሥር ዓመት ሥራ ነው።

ደለሉን ትንሽ ላብራራ፤ ምክንያቱም በወሰኑ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ተቋም አንድ የደለል ሰው ሳያሳድግ መኖር አይችልም ብዬ አምናለሁ። የካሽም ኤል ግርባ ግድብ በአስዋን ግድብ ምክንያት ከወዲ ሃልፋ ለተነሱት ኑብያውያን እርሻ ተብሎ በ1964 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዝ ነበር። ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ደለል ወስዶበታል፤ ደለሉን ለማጠብም በጎርፉ ወራት በሩ ይከፈታል። ያ ደለል የጎንደርና የትግራይ እርሻ አፈር ነው። በላዩ በ2017 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የላይኛው አትባራና ሰቲት መንታ ግድብ ለገዳሪፍም የመጠጥ ውሃ እንዲሰጥ የታሰበ ነው፤ እሱም ያንኑ ደለል ይቀበላል። በእኛ በኩል በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው፣ 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብም ከፊሉን ይይዛል። ይህን ሰንሰለት ከላይ እስከ ታች አይቶ የሚናገር ባለሙያ በኮርስ አይገዛም። አንድ ወጣት ዛሬ መርጠው ናሙና በጠርሙስ ከማንሳት ማስጀመር፣ በሦስተኛው ዓመት ላቦራቶሪ ማስገባት፣ በአምስተኛው ለሁለተኛ ዲግሪ መላክ፣ ሲመለስ ያንኑ ወንዝ መስጠት ነው።

የት ይላኩ? በእኛ በኩል አርባ ምንጭ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውሃ ትምህርት የሚሰጥ ነባር ቤት ነው። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1998 እ.ኤ.አ. በጃፓን ድጋፍ በከርሰ ምድር ውሃ ሥልጠና የተጀመረ ስለሆነ ለቁፋሮና ለጉድጓድ ሰዎች ይስማማል። ጎንደርና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውን ለመመረቂያ ጥናት ወደ ጓንግ ይጋብዙ፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ የሚያገኙት ጥናት የእርስዎ ወንዝ ነው። በሱዳን በኩል ወድ መዳኒ የሃይድሮሊክስ የምርምር ማዕከልና የገዚራ ዩኒቨርሲቲ ነበሩ የወንዝ ሰው የሚሠሩት። ከተማዋ ከታኅሣሥ 2023 እስከ ጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከሱዳን ጦር ጋር በሚዋጋው በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ቆይታለች፤ ከዚያ የተፈናቀሉ መምህራንና ተመራማሪዎች በምሥራቅ ሱዳን ከተሞች ካሉ ፈልገው ያስተምሩልዎ። አዲስ አበባ ያለው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ቀጣናዊ ጽሕፈት ቤት የተፋሰሱን አገሮች ወጣት ባለሙያዎች ተቀብሎ የሚያሠራበት መርሐ ግብር ስላለው ይጠይቁ። ለውሃ ትምህርት ኔዘርላንድስ ዴልፍት ድረስ መሄድ የሚገባው የአሥር ዓመቱ ሰው ብቻ ነው።

ማንም ቢሄድ ሦስት ነገር ያስፈርሙት። የሚሄደው ከራሱ ወንዝ አንድ ጥያቄና አንድ የመረጃ ደብተር ይዞ ነው። በተመለሰ በወሩ ለጓዶቹ ያስተምራል። ቢያንስ ለተወሰኑ ዓመታት በተማረበት ሙያ ይሠራል። ሦስተኛው ግዴታ እርስዎንም ያስራል፤ የሚያሠሩት በዚያው ሙያ ነው።

ይህን የምለው ካየሁት ተነስቼ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አብሮኝ የሠራ ወጣት በከርሰ ምድር ውሃ ስድስት ወር ተምሮ ተመለሰ። በተመለሰ በሳምንቱ ጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ አደረጉት፣ ጽሑፉ ጥሩ ነው ተብሎ። ያመጣው የመሬት ውስጥ መፈተሻ ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒውተር ለደብዳቤ መጻፊያ ዋለ። ሁለት ዓመት ታገሠና ለቀቀ። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ ሪፖርቱ ላይ አንድ ሰው «ሠልጥኗል» ተብሎ ተቆጥሯል። ጉድጓዶቹ ግን ያለ ባለሙያ ተቆፈሩ። እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

መሰላሉ ሁለት ይሁን

የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ሃይድሮሎጂስትንና የሃይድሮሎጂ ቴክኒሻንን በትምህርት ደረጃ ይለያል፤ መለየቱ ትክክል ነው። ስሕተቱ እኛ ጋ ያለው ነው፤ ቴክኒሻኑ ከፍ ማለት ከፈለገ ወይ ዲግሪ ይዞ ቢሮ ይገባል፣ ወይ ኃላፊ ሆኖ መስክ ይተዋል። በዚህ መንገድ ጥሩ ለኪ በሙሉ መጥፎ ኃላፊ ሆኖ ያልቃል።

ሁለት መሰላል ይሥሩ። አንዱ የመስክ ነው፤ አንባቢ፣ ለኪ፣ ነባር ለኪ፣ አለማማጅ፣ የተፋሰሱ ዋና ለኪ። ሌላው የጥናት ነው፤ ጀማሪ ሃይድሮሎጂስት፣ ሃይድሮሎጂስት፣ ከፍተኛ፣ አማካሪ። በሁለቱ መካከል መሸጋገሪያ ይኑር፤ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ ልጅ በብቃት ማረጋገጫ ፈተና ደረጃውን እያሻሻለ ወደ ዲግሪው መሻገር ይችል። የደመወዙን ነገር በግልጽ ልናገር፤ የተፋሰሱ ዋና ለኪ ደመወዝ ከከፍተኛ ሃይድሮሎጂስቱ ማነስ የለበትም። የደመወዝ ስኬል መለወጥ ሥልጣንዎ ካልሆነ፣ የመስክ አበል፣ የቤት፣ የሞተር ሳይክል፣ የስም ክብር በእጅዎ ነው። ከጎርፍ በኋላ በሚወጣው ሪፖርት ሽፋን ላይ የአንባቢዎቹ ስም ይጻፍ። ምንም ወጪ የለውም፤ አንባቢው ግን ያንን ገጽ ለልጁ ያሳያል።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ያዘጋጁ፤ ዛሬ የት እንዳለ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የት መሆን እንደሚፈልግ፣ በመካከል ምን እንደሚማር፣ ማን እንደሚያለማምደው። በዓመት ሁለት ጊዜ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ሴት ባለሙያ ከሆነች የመስክ ማደሪያው ነገር በገጹ ላይ ይጻፍ። ብዙ ሴት ሃይድሮሎጂስት ቢሮ የቀረችው ወንዝ ዳር ደኅና ማደሪያና መጸዳጃ ስለሌለ ነው፤ መፍትሔው የግንባታ ጉዳይ ነው፣ በበጀቱ ላይ ይታይ።

ወሰን የሚሻገር ወረቀት

ይህ ወሰን ሰው በሁለቱም አቅጣጫ የሚሰደድበት ነው። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን በሐምዳየት ተሻግረው ወደ ኡም ራኩባ፣ ኋላም ወደ ቱናይድባ ሄዱ። በ2023 ደግሞ ሱዳናውያን በመተማ ገብተው በኩመርና በአውላላ ሰፈሩ። በሁለቱም ሰልፍ ውስጥ የውሃ መሐንዲስ፣ የላቦራቶሪ ሰው፣ የፓምፕ ባለሙያ ይኖራል። ብዙ ጊዜ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀሪካን ይዘው ወረፋ ይቆማሉ።

በጣቢያ የሚሠሩ ከሆነ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዎ እነሱን መፈለግ ይሁን። በአደጋ ጊዜ መለኪያው ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር፣ ለአንድ ቧንቧ ቢበዛ 250 ሰው ነው፤ ይህን ቁጥር በየቀኑ የሚቆጥርና የሚሟገትለት ሰው ከሕዝቡ ውስጥ ሲወጣ ሥራው ይዘልቃል። የሠለጠነ ሁሉ የምስክር ወረቀቱን በአማርኛ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ያግኝ፤ ስንት ሰዓት እንደተማረ ብቻ ሳይሆን ምን ምን ሥራ በፊትዎ ብቻውን እንደሠራ ይዘርዝር። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይረፍ። በእኛ አገር የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራትን መብት እውቅና ሰጥቷል፤ ወረቀቱ ያን መብት በር ላይ የሚያስከፍት ቁልፍ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስም ይዞት ይገባል።

ምን ይቆጠር?

በዓመቱ መጨረሻ «ሃያ ስምንት ሠራተኞች ሠለጠኑ» የሚል ሪፖርት አይጻፉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ካሉት ቀናት ስንቱ ንባብ ጎደለ? የመጨረሻው ቦኖ ላይ ስንት ጊዜ ክሎሪን ጠፋ? ፓምፕ ተበላሽቶ ስንት ቀን ቆመ፣ ያለፈው ዓመትስ? «አንድ ሰው ብቻ ይችላል» ከተባሉት ሥራዎች ስንቱ ወደ ሁለት ሰው ከፍ አለ? ከሠለጠኑት ውስጥ ዛሬ በሥራው ላይ ያለው ስንት ነው? እነዚህ አምስት ቁጥሮች በአንድ ገጽ ይቀመጣሉ። በጀት የሚሰጥዎት አካል ሌላ ሰንጠረዥ ከፈለገ ይስጡት፤ እርስዎ ግን በእነዚህ ይመሩ።

ገንዘቡ ካነሰ፣ ብዙ ጊዜም ያንሳል፣ ቅደም ተከተሉን ልንገርዎት። መጀመሪያ የጌጅ አንባቢዎች፣ ከዚያ ክሎሪን የሚሰጡት፣ ከዚያ ኦፕሬተሮች፣ ከዚያ ላቦራቶሪው። እኛ መሐንዲሶቹ መጨረሻ እንምጣ፤ ማንበብና መጠየቅ ስለምንችል መንገድ አናጣም። አዳራሽ ከመከራየት አንድ ተጨማሪ የድፍርስነት መለኪያ ቱቦና አንድ ካርቶን የክሎሪን መፈተሻ ኪኒን ይግዙ፤ መለማመጃ የሌለው ሥልጠና ዝናብ እንደሌለው ደመና ነው።

አሁን ይህን ካነበቡ በኋላ አንድ ነገር ዛሬ ያድርጉልኝ። በሚመሩት ወንዝ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መለኪያ በወረቀት ይዘርዝሩ፤ በየአንዳንዱ ፊት የአንባቢውን ስም፣ ከጎኑም እሱ ሲታመም የሚተካውን ሰው ስም ይጻፉ። ሁለተኛው ስም ባዶ የሆነበት ቦታ ካለ፣ ግንቦት ሳያልቅ ሰው ይመድቡለት። ጓንግ ሰኔ ላይ ይመጣል።